የተያዘ ልጅ አለኝ አይልም

እኔ ቤት የመጣ እንግዳ ጫማውን በር ላይ አውልቆ አይተውም። ጨዋ ነኝ ብሎ ጎንበስ ሲል ካየሁት "ኧረ ይዘኸው ግባ!" ብዬ እጮኻለሁ፤ ምንጣፉ ቢጨቀይ ግዴለኝም። እህቴ "ይህ ደግሞ ከዓረብ አገር ይዛው የመጣችው አመል ነው" እያለች ከጎረቤት ጋር ትስቅብኛለች። ይሳቁ። አመል ግን አይደለም። ምን እንደሆነ ዛሬ እነግራችኋለሁ፤ ስጨርስ እናንተው ፍረዱኝ።

አለምነሽ እባላለሁ፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ሳዑዲ፣ ኾባር የገባሁት በኮንትራት፣ ወረቀቴ ተሟልቶ ነበር። ማዳሜ እንቅልፍና ደመወዝ ነፈገችኝ፤ ቢመረኝ ከቤቷ ወጣሁ። ካፊሌም፣ ያስመጣኝ አሠሪ፣ "ጠፍታብኛለች" ብሎ አስመዘገበኝ። ይህን እዚያ ሁሩብ ይሉታል። ሁሩብ የተባለ ሰው የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ኢቃማው፣ የሞተ ነው፤ መንገድ ላይ ከተያዘ መሄጃው እስር ቤት፣ ከዚያ አውሮፕላን ነው። እንደዚያም ሆኖ ኾባር ውስጥ ቤት ለቤት በሰዓት እያጸዳሁ ዓመታት ኖርኩ።

ግርማን ያገኘሁት ያኔ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ በየመን በኩል በባሕር የመጣ፣ ኢቃማ የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ የማያውቅ፣ ደማም ውስጥ የጂፕሰም ኮርኒስ የሚሠራ። እዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ በሽማግሌ ምርቃት ተጋባን። ሴት ልጅ ወለድንና ረድኤት አልናት። ሆስፒታል ወረቀት ስለሚጠይቅ የተወለደችው ደማም፣ የሐበሻ ልጆች በምትይዘው በእትዬ ዘምዘም መኝታ ቤት ውስጥ ነው፤ እትብቷንም የቆረጠችው እትዬ ዘምዘም ናት። ስለዚህ ልጄ እዚያ አገር መወለዷን የሚያውቅ መንግሥት አልነበረም።

ለምን ተፋታችሁ ብላችሁ አትድከሙ። እሱ ቀናተኛ ነው፣ እኔ ምላሴ አያርፍም፤ ይኸው ነው። ስንለያይ ረድኤት ገና አራት ዓመት አልሞላትም። ሁለታችንም ሥራ ላይ ስለምንውል እትዬ ዘምዘም ጋ ትውላለች፣ ታድራለች፤ እኛ ተራ በተራ እየመጣን እናያታለን። አንድ ቀን ታዲያ ግርማ "ላናፍሳት" ብሎ ይዟት ወጣና በዚያው ቀረ። ጁቤል የሚባል ከተማ፣ የጓደኛው ሚስት ዘንድ እንዳስቀመጣት በኋላ ሰማሁ። ስልኩን ዘጋ። እኔ እብድ ሆንኩ። ልጄን ወሰዱብኝ ብዬ ለማን ልክሰስ? ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ የሚያስቀሩት እኔኑ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ፍርድ ቤቱ ሽማግሌ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ደግሞ ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ የእትዬ ዘምዘም ባል። የደሴ ሰው ናቸው፣ ልብስ ሰፊ፤ ከሁላችን በፊት የገቡ፣ የቤተሰብ ኢቃማ ያላቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ የሚሮጥባቸው። ግርማን በሰው በሰው ፈልገው አገኙትና በስልክ እንዲህ አሉት፤ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ "ስማ አንተ ልጅ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ልጅቷን ይዘህ ቤቴ ና። ካልመጣህ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሰው አለኝ እንዳትል።"

ጊዜው በ2010 መግቢያ ላይ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ያለ ቅጣት ይውጣ ተብሎ የታወጀው ምህረት ያለቀበት፣ ፍተሻው የጀመረበት ሰሞን። በዚያ ሰሞን ሰው ካልቸገረው ከቤቱ አይወጣም። እኔ ግን አርብ ዕለት አባያዬን ለብሼ፣ ፊቴን እስከ ዓይኔ ሸፍኜ፣ ከኾባር ደማም ታክሲ ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ "ባያመጣትስ? ባያመጣትስ?" ስል ነው የሄድኩት። ሹፌሩ በመስታወት ያየኛል። ለካ ድምፄን አውጥቼ ነው።

የእነ ጋሽ ሰይድ ቤት አል አዳማ የሚባል የደማም ሰፈር ነው፣ ከሱቆች በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። እትዬ ዘምዘም አንድ ደንብ አላት፤ ቤቷ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጫማውን በእጁ ይዞ ይገባል። በር ላይ ብዙ ጫማ ከታየ ሰው ተሰብስቧል ማለት ነው፤ ሰው ከተሰበሰበ ደግሞ የሚያንኳኳ አይጠፋም። የምትይዛቸው ልጆች ሁሉ እንደኔ ወረቀት የሌላቸው ሴቶች ልጆች ስለሆኑ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ልጆቹንም አንድ ነገር ታስተምራለች፤ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው "እናትሽ ማናት?" ካለ፣ ማንም አጠገብሽ ቢኖር፣ ጣትሽን ወደ እኔ ቀስሪ ትላለች። እንደ ጨዋታ እያደረገች፣ ብስኩት እየሰጠች ታለማምዳቸዋለች። ረድኤት በዚህ ጨዋታ አንደኛ ነበረች።

ያን ቀን ቤቱ ጭር ብሏል። ለሽምግልናው ተብሎ ሌሎቹ ልጆች አልመጡም፤ የእትዬ ዘምዘም የራሷ ልጅ፣ የረድኤት እኩያ የሆነችው ሐያት እንኳ ከአጎቷ ጋር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄዳለች። እኔ ጫማዬን ይዤ ገባሁ። ትንሽ ቆይቶ የግርማ ሽማግሌ የሆኑት ጋሽ ታደለ መጡ። ኾባር ሹፌር ሆነው የሚሠሩ፣ ጠና ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። በዚያ ቤት እንግዳ ስለነበሩ፣ እንደ ወጉ፣ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው አስተካክለው አስቀመጡና ገቡ።

እትዬ ዘምዘም አየች። አፏን ከፈት አደረገችና መልሳ ዘጋችው። ለእርቅ የመጡ ሽማግሌን "ጫማዎን ያንሱ" ማለት ከበዳት። ጋሽ ሰይድም ከመስጊድ ሲመለሱ የእንግዳውን ጫማ ደጅ አገኙት፤ እንግዳው ደጅ አውልቆ እኔ ይዤ ብገባ ማሳጣት ይሆናል ብለው የራሳቸውንም እዚያው ተዉት። ይህን ሳይ የእኔ ብቻ ከውስጥ መቀመጡ ድፍረት መሰለኝና ተነስቼ አውጥቼ ከጎናቸው አደረግኩት። ይሉኝታ! ይሉኝታ እንደኛ አገር ሰው የሚጫወትበት ማን አለ?

ከዚያ ደረጃው ላይ የልጅ ሩጫ ሰማሁ። እናንተዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? "እማዬ!" ብላ ተጠመጠመችብኝ። ከስታለች። ፀጉሯን ሰው ሳይሆን ነፋስ የሠራው ይመስላል። እያለቀስኩ ግርማን በዓይኔ ልበላው ፈለግኩ፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ረድኤት ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላትና ወደ በሩ ተመለሰች። ጫማ መደርደር ትወዳለች። የእኔን ፈልጋ፣ የአባቷን አጠገቡ አድርጋ፣ የራሷን ትንንሽ ቀይ ጫማ መሀላቸው አስቀመጠችና "በቃ" ብላ መጣች።

ጋሽ ሰይድ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ ታደለ በስመ አብ ብለው አማተቡ። እትዬ ዘምዘም በእኔ ወገን ስትቀመጥ ግርማ "ሴት ሽማግሌ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?" አለ።

"ልጅህን ያዋለድኩ ቀን ሴት ነሽ አላልከኝም" አለችው። ጋሽ ታደለ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ሽማግሌ መጀመሪያ የሚሞክረው ማስታረቅ ነው፤ እነሱም ሞከሩ። "ጋብቻው ይመለስ፣ ለልጅቷ ሲባል" አሉ ጋሽ ታደለ።

"ለልጅቷ ሲባል ነው የማይመለሰው" አልኩ። "ስንጣላ ጠረጴዛ ሥር ነበር የምትገባው። የመጣሁት ለባል አይደለም፣ ለልጄ ነው።"

ጋሽ ሰይድ ግርማን አዩት። ራሱን ነቀነቀ። "እኔም እንደዚያው ነኝ" አለ።

"ኸላስ፣ እንግዲያው ጋብቻውን ትተነዋል" አሉ ጋሽ ሰይድ። "አሁን የልጅቷን ነገር እንይ። አንተ ጀምር፤ አለምነሽ፣ አፍሽን ያዢ።"

ግርማ ጀመረ። እኔ ከአምስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል እንደምኖር፣ ሲጨልም ከሥራ እንደምመለስ፣ አንድ ቀን ይዣት ወደ አገር እንደምጠፋበት ተናገረ። "ከሄደች መቼ ነው የማያት? እኔ ተመልሼ እዚህ መግባት አልችልም፣ እዚያ ደግሞ ምን ይዤ ልግባ? እሷ እናት ናት፣ የትም ብትሄድ እናት ናት። አባት ግን ሲርቅ ይረሳል!" ድምፁ ተሰበረ። ተራዬ ሲደርስ አልቀረሁበትም። ልጅ ሰርቀህ፣ ስልክ ዘግተህ፣ ሌት ከቀን በጭንቅ አድርቀኸኝ፣ አሁን አባት ነኝ ትላለህ ወይ አልኩት። ተጯጯህን። ረድኤት መጫወቻዋን ጣል አድርጋ ወደ ጠረጴዛው አየች። ሁለታችንም እኩል ዝም አልን።

"ውጡልን" አሉ ጋሽ ሰይድ።

እኔ ኩሽና ገባሁ፣ እሱ በረንዳ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሹክሹክታቸውን ያዙ። አንዴ ጋሽ ታደለ ወደ እሱ ይሄዳሉ፣ አንዴ እትዬ ዘምዘም ወደ እኔ ትመጣለች። "ሐሙስ ማታ ለእሱ ብትሰጪስ?" ትለኛለች። "ጁቤልን ይርሳ፣ እሰጣለሁ" እላለሁ። ተመልሳ ትሄዳለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ከቀኑ አስር ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ጠሩንና ጎን ለጎን አስቀመጡን። ረድኤት እዚሁ እትዬ ዘምዘም ዘንድ ትኖራለች። ሐሙስ ማታ አባቷ ይወስዳታል፤ አርብ ረፋድ ይመልሳታል፣ ቀሪው አርብ እስኪመሽ የእኔ ነው። ጋሽ ሰይድ ሳይሰሙ ማንም ከደማምና ከኾባር አያወጣትም። አንዳችን በሌላችን ላይ በልጅቷ ፊት ክፉ አንናገርም።

"አንድ ነገር ቀረ" አሉ ጋሽ ሰይድ። "ጊዜው ክፉ ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብትያዙስ?"

ግርማ ነው ቀድሞ የተናገረው። ጓደኛው ልጅ ይዞ ተይዞ ነበር፤ የተጨናነቀ እስር ቤት ውስጥ ሕፃኑ ታሞ ትንሽ ነበር የተረፈው። "እኔ ብያዝ ረድኤት እዚያ አትገባም" አለ። "ልጅ አለኝ አልልም። አፌን እዘጋለሁ፣ እሷ ከእናቷ ጋር ትቅር።"

"አንቺስ?" አሉኝ።

"እኔም ያው ነው። እሷ ከአባቷ ጋር ትቅር።"

እውነቱን ልንገራችሁ? ሁለታችንም ይህን ቃል ለመስጠት ስንፈጥን በልባችን የምናየው ሌላኛው ሲያዝ ነበር። እሱ ከቦታ ቦታ እየዞረ ስለሚሠራ የሚያዘው እሱ ነው ብዬ ነበር። እሱ ደግሞ ስሟ ሁሩብ ላይ የተመዘገበው እሷ ናት፣ የምትያዘው እሷ ናት ብሎ ነበር፤ በኋላ ራሱ ነግሮኛል።

"ዋስ ጥሩ" አሉ። እሱ ጋሽ ታደለን ጠራ፣ እኔ እትዬ ዘምዘምን። ቃሌን ካፈረስኩ የምትዋረደው እሷ ናት ማለት ነው። እጃችንን ጋሽ ሰይድ እጅ ላይ አድርገን ማልን። "የተያዘ ልጅ አለኝ አይልም፤ ልጅቷ ከቀረው ጋር ትቀራለች። ቃላችሁ ነው?" "ቃሌ ነው።" "ቃሌ ነው።" ጉልበታቸውን ስመን ተነሳን።

እናንተ፣ እንዴት ቀለለኝ! ከተለያየን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ግርማን እንደ ሰው አየሁት። እትዬ ዘምዘም "አብራችሁ ሳትቀምሱ ማንም አይወጣም" ብላ ምግቡን ማቀራረብ ጀመረች። ግርማ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ማልቀሱን እንዳናይበት መሰለኝ፣ "ለስላሳ ላምጣ" ብሎ ተነሳ። ረድኤት ልትከተለው ብድግ ስትል ወገቧን ያዝኳት።

"የት? አርብ የእኔ ነው!" አልኩ እየሳቅኩ።

"እሺ እመቤት፣ ያንቺ ነው" አለና ሳቀ። በሩን ከፍቶ፣ ጫማውን አድርጎ ወረደ።

ወጡ ገና ከድስቱ አልወጣም፤ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። ከላይ ያለውን ቤት ሊፈትሹ የመጡ ጀዋዛቶች ነበሩ፤ ወረቀት የሌለውን የሚያድኑት ፖሊሶች ማለት ነው። ኮቴው እኛን አለፈ። ቆመ። ተመለሰ።

"ጫማው!" አለች እትዬ ዘምዘም።

በሩ ተደበደበ። ጋሽ ሰይድ ሊከፍቱ ሲሄዱ እትዬ ዘምዘም ረድኤትን ከጭኔ ላይ ነጥቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ልጄ የእጄ ሙቀት እንኳ ከላይዋ አልጠፋም ነበር።

ሁለት ሆነው ገቡ፤ አንዱ ወጣት፣ አንዱ ጢሙ የሸበተ። "ኢቃማ!" ጋሽ ሰይድ አሳዩ፣ ጋሽ ታደለ አሳዩ፣ እትዬ ዘምዘምም አሳየች። ወደ እኔ ዞሩ።

"ማፊ" አልኩ። የለኝም።

"ማፊ?"

"ማፊ።"

"ተነሺ።" ወጣቱ ይህን ብሎ ልንወጣ ስንል፣ ጢማሙ ቆም አለ። ወደ በሩ አየ፣ ወደ ረድኤት አየ። ደጅ ትንሿ ቀይ ጫማ ከእኔ ጫማ ጋር ተጣብቃ ተቀምጣለች።

"ይህች የማን ልጅ ናት?"

"የእኔ" አለች እትዬ ዘምዘም። "ሐያት ትባላለች። ይኸው ወረቀቷ።"

ወረቀቱን አየና አላመነም። ረድኤት ፊት ቁጢጥ አለ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ድምፁን አለስልሶ በዓረብኛ "እናትሽ የት አለች፣ የኔ ቆንጆ?" አላት።

ረድኤት እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት። አሁን "እማዬ" ብላ ብትሮጥልኝ፣ ቃሌን ሳላፈርስ፣ ከሓዲም ሳልባል ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፤ መንገዱ ያ ብቻ ነበር። በይ አልኳት በልቤ። በይ፣ ልጄ! እሷ ግን ዓይኗን ከዓይኔ ላይ ሳትነቅል ጣቷን ቀና አደረገችና እትዬ ዘምዘም ደረት ላይ አሳረፈችው።

"ሻጢራ" አለ ሰውየው። ጎበዝ ማለት ነው። ጉንጯን ነካ አድርጎ ተነሳ።

በር ላይ ጫማዬን አደረግኩ። መሳም አልችልም፤ ለሌላ ሰው ልጅ እንዲያ አይለቀስም። ፖሊሶቹ አማርኛ እንደማያውቁ አውቃለሁ፣ ስሟን ብጠራ ግን ልጄ ትፈነዳለች። ወደ እትዬ ዘምዘም ብቻ ዞሬ "አርቤን አደራ" አልኳት። እሷ ረድኤትን ደረቷ ላይ ለጥፋ አንገቷን ሰበረች።

ታች መኪናው ቆሟል። ከመንገዱ ማዶ፣ ሱቁ በር ላይ፣ ግርማ ለስላሳውን በፌስታል አንጠልጥሎ ደርቋል። አየኝ። አንድ እግሩን ከእግረኛ መንገዱ ወደ አስፋልቱ አወረደ። ራሴን በኃይል ነቀነቅኩ፤ አትምጣ፣ ከመጣህ ማን ይቀራል? እግሩን መለሰ። መኪናው ሲነሳ እዚያው ቆሞ ነበር።

እስር ቤት በገባሁ ማግስት አንዲት ሴት ጠባቂ እየዞረች ትጠይቅ ጀመር፤ "እዚህ አገር ልጅ ያላት ትናገር። ልጇ ይመጣላታል፣ አብረው ይሄዳሉ።" አጠገቤ የነበረች አንዲት የጅማ ልጅ እጇን አወጣች። እኔ ዘንድ ስትደርስ አፌን ከፈትኩ። የእትዬ ዘምዘም ፊት መጣብኝ። ልጄ ናት ብላ በወረቀት አረጋግጣለች፤ የእኔ ናት ብል እሷን ወህኒ ማውረዴ ነው። የግርማ ጓደኛ ታማሚ ሕፃን መጣብኝ። ጋሽ ሰይድ እጅ ላይ ያስቀመጥኩት እጄ መጣብኝ።

"ልጅ አለሽ?"

"ማፊ" አልኩ።

የጅማዋ ልጅ ሕፃኗን አመጡላት። አልታመመም። ቦሌ ስንወርድ አዝላው ነበር፤ እኔ ባዶ እጄን ከኋላዋ ወረድኩ።

ግርማ ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን አልነፍገውም። አርብ አርብ፣ በእኔ ሰዓት፣ ልጅቷን ይዞ ይደውላል። መጀመሪያ "እማዬ መቼ ትመጪያለሽ?" ትል ነበር። ቀጥሎ መጠየቁን ተወች። ከዚያ አማርኛዋ ውስጥ ዓረብኛ እየገባ መጣ፤ ደህና ነሽ ስላት "አልሐምዱሊላህ" ትለኝ ጀመር። ይሁን፣ ከአባቷ ጋር ናት እያልኩ እጽናናለሁ።

በ2011 አንድ ጠዋት የእህቴ ቤት ተንኳኳ። ከፈትኩ። ግርማ ነው። ጥቁር ሆኗል፣ ከስቷል፣ በእጁ አንድ ላስቲክ ብቻ ይዟል። ሊገባ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። እኔ እሱን አላየሁም፤ ከኋላው ነው ያየሁት። ከኋላው ማንም የለም።

"ረድኤትስ?"

ቀና አላለም። "ሥራ ቦታ ያዙኝ" አለ። "ጠየቁኝ። ልጅ አለህ ወይ አሉኝ። ቃል ነው አልን አይደል፣ አለምዬ?"

"ከቀረው ጋር ነበር የተባለው! ማን ቀረ? ከሁለታችን ማን ቀረ?"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ያን ጊዜ ነው እኔም የገባኝ። ሦስት ሽማግሌ፣ ሁለት ወላጅ፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን የሐሙሷን ማታ እንኳ ስናካፍል፣ ሁለታችንም ብንያዝ ምን ይሆናል ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ግርማ የፈታውን ጫማ ይዞ በር ላይ ቁጭ አለ። "ጫማህን አድርገው! ጫማህን ይዘህ ግባ!" እያልኩ ጮኽኩበት፤ እህቴ እብድ መሰልኳት።

ረድኤት አሁንም ደማም ናት። ያላንኳኳነው በር የለም። ወረቀት የላትም፤ ወረቀት የሌለው ሰው ከዚያ አገር የሚወጣው ተይዞ ነው፣ አንዲት ሕፃን ብቻዋን ትያዝ ብዬ እንዴት ልለምን? የሐያት ወረቀት አንድ ነው፣ ልጆቹ ሁለት ናቸው። ሐያት ትምህርት ቤት ስትሄድ ረድኤት ከቤት አትወጣም። ሐያት ስትመለስ ደግሞ እሷ በተራዋ ሐያት ተብላ ትንሽ ትናፈሳለች። ጋሽ ሰይድ "ጠቅልለን ስንገባ ይዘናት ለመግባት አላህ መላ ይፈጥራል" ይላሉ። ያ መቼ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። እትዬ ዘምዘም እንደ ልጇ ነው የያዘቻት። እሷን ብረግም አፌ ይቆረጥ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተለወጥኩት ምን መሰላችሁ? ድሮ ቃል ከተሰጠ አለቀ የምል ሴት ነበርኩ። ዛሬ ቃል ሲሰጥ ካየሁ መሀል ገብቼ የምጠይቅ ነዝናዛ ሆኛለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ባልና ሚስት ተፋትተው የልጅ ነገር ሊሸመገል ከሆነ ሳይጠሩኝ እሄዳለሁ። እናንተም የምታነቡኝ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ከተቀመጣችሁ እባካችሁ ሌላኛው ሲጠፋ ብቻ አታስቡ። ራሳችሁ ስትጠፉ አስቡ። ሁለታችሁም ስትጠፉ አስቡ። ሽማግሌው ቢከፋውም ጠይቁ፣ አፍራችሁ ዝም አትበሉ። እኔ እዚያ ጠባቂ ፊት አፌን ብከፍት ኖሮ ይሻል ነበር ወይ? ይህን ነው ፍረዱኝ ያልኳችሁ። እኔ እስካሁን መፍረድ አልቻልኩም።

እኔና ግርማ ዛሬም አልታረቅንም። አርብ ሲሆን ግን ይመጣል፤ ጫማውን ይዞ ይገባል፣ አንድ ስልክ ፊት ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ያለፈው አርብ ግርማ ሊያስቃት ፈልጎ፣ ምን ቆርጦት እንደሆነ እንጃ፣ "ረድኤት፣ እናትሽ ማናት?" አላት።

ሳቋ ቆመ። ከስልኩ ውስጥ ቀጥ ብላ እኔን አየችኝ። ዓይኗን ከዓይኔ ላይ ሳትነቅል ጣቷን አንስታ አጠገቧ የተቀመጠችው እትዬ ዘምዘም ደረት ላይ አሳረፈች። እትዬ ዘምዘም "አይደለም፣ ይቺውልሽ! ለእሷ እንኳ እውነቱን በያት እንጂ!" እያለች ማልቀስ ጀመረች።

"ተያት" አልኳት። ጣቷን ያወረደች ቀን እንደሚወስዷት አውቃለሁ። እንባዬን ውጬ፣ ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ፣ "ጎበዝ፣ ልጄ" አልኳት። "ሁልጊዜ እንደዚያ በይ።"